ይስላል

ናሪን ላይ ጥር ሲገባ ብርዱ ሥራ አይፈታም፤
ሌሊቱን ሲባዝን ያድራል፣ ሲነጋም አይተኛም።
በሆስፒታሉ መስኮት ነጭ አበባ ይስላል፣
በወንዙ ድንጋይ ላይ ቢላውን ይስላል፣
ሁለተኛው ፎቅ፣ አልጋ ቁጥር ሰባት፣ አንድ ትንሽ ደረት ይስላል።

በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል ነው።
በአሳናሊ ቋንቋ ሦስቱም ለየብቻ ናቸው፤
እሱ ግን ምድር ቤት ሆኖ የሚሰማው ሦስተኛውን ነው፣
በቧንቧው ተንሸራቶ የሚወርደውን።

ክረምት ስል ዝናብ አይምሰላችሁ፤
ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር የሚሆንበት፣
ፈረስ ቆሞ ሲያድር ጢሙ የሚነጣበት፣
ትንፋሽ ከአፍ ሲወጣ ዱካው የሚታይበት
ወር ነው።
አሳናሊ ሃያ ሁለቱን ክረምት አካፋ ጨብጦ አሳልፏል፤
ከሰል ያጎርሳል፣ አመድ ይዝቃል፣ መልሶ ከሰል ያጎርሳል፤
እሳት ጠግቦ አያውቅም።

ውሃው ፈልቶ በብረቱ ሽቅብ ይወጣል፤
ሙቀቱን ለየአልጋው አድሎ ሲመለስ
የላዩን ወሬ ይዞ ይወርዳል።
ጆሮውን ለቧንቧው ሲሰጥ ሁሉንም በሳላቸው ይለያል፦
ይህ ደረቁ፣ እንደ ጭራሮ የሚሰበረው፣
ማዕድን ሲቆፍር ያረጀው ቱርዱማማት ነው፤
ያ እርጥቡ፣ ከሥር የሚንቦጫረቀው፣
ትናንት ከተራራ በፈረስ ያወረዷት አራስ፤
ይህ ደግሞ፣ ቀጭን፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ መሃሉ ላይ ፉጨት ያለበት፣
የሰባት ቁጥሯ አይዚረክ፣ የአራት ዓመት ልጅ።

አንድ ማታ ነርሷ ጃርክናይ ደረጃውን ወርዳ መጣች፣
በነጩ ጋዋን ላይ የወንድ ሹራብ ደርባ።
"አሳናሊ፣ እጅህን ትንሽ ብትሰበስብ።
ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን ጭስህ በእኛ መስኮት ይገባል፤
እኔ ኦክስጅን በሰጠሁት አፍንጫ ያንተ ከሰል ይቀማል።"
"ብቀንስስ?"
ዝም አለች።
ቢቀንስ ቧንቧው ይረጋል፤ ሁለቱም ያውቁታል።
ቢያነድ ጭስ፣ ባያነድ በረዶ፤
አንዱ ሲያቅፍ ያፍናል፣
አንዱ ሲነካ ይገድላል።
"አዲስ ማሞቂያ ይመጣል ተብሏል" አለች ስትወጣ።
"እሱማ ሲመጣ ስድስተኛ ዓመቱ ነው።"

በዚያው ሳምንት፣ ለዓርብ አጥቢያ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ሲሆን፣
ሽማግሌው ሳለ።
አራሷም ሳለች።
ሰባት ቁጥር የለችም።
አንድ አካፋ ጨመረ፣ ጆሮውን መለሰ፤
የለችም።
(ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ፦ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤
አንዱ ድምፁ ሲጠፋ የቀሩት ይባንናሉ።)
በሃያ ሁለት ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤
የምድጃውን በር ከፍቶ ትቶ ሮጠ።

ኮሪደሩ ሞልቷል፣ አልጋ በአልጋ ጎን፣
እናቶች ወለሉ ላይ በኮታቸው ተጠቅልለው፤
በከሰል እግሩ መሃላቸውን ሲያቋርጥ ማንም አልተቆጣውም።
ጃርክናይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።
ተኝታለች።
ከስድስት ሌሊት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፤
ጭንብሉ ፊቷን እስከ ዐይኗ ድረስ ውጦት፣
ፕላስቲኩ ላይ ጉም ይመጣል፣
ይሄዳል፣
ይመጣል።

እፎይ ሊል አፉን ሲከፍት
የሃያ ሁለት ክረምት ጥቀርሻ ከደረቱ ተነሳ፤
ግድግዳውን ይዞ ጎነበሰ።
መሐረቡ ጠቆረ።
"ይህ ሳል ከጀመረህ ስንት ጊዜው ነው?"
ጓደኛ አልነበረችም ያን ጊዜ፤ ነርስ ነበረች።
"እሳቱ ይጠፋብኛል" አላት፤ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ተረኛ ስትሆን፣
መብራቱን አደብዝዛ፣ ሲሊንደሮቹን ቆጥራ ስትጨርስ፣
ጃርክናይ ጆሮዋን ለቧንቧው ትሰጣለች።
ብርዱ መስኮቷ ላይ አበባውን ይስላል።
ከሥር፣ አልጋ ያልተሰጠው ሰው
ይስላል።